እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ዝም ብሎ ስለተቀመጠ አይደለም፦ «ፍጥነት ይገድላል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ርዕሱ «ፍጥነት ይገድላል» ይላል። የሚያወራው ስለ አዳዲስ የፋብሪካ ምርቶች ነው። ጸሐፊው በሙያው ረጅም ዓመት እንደቆዩ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ ምርት ቶሎ ለማድረስ የሚደረግ ሩጫ ሰው ይጨርሳል፤ ማስረጃው ቦይንግ 737 ማክስ ነው። ስለዚህ አንድ የሥራ ደረጃ ሳያልቅ ሌላው አይጀመር። ናሙና አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራ፣ እሱም ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ። የሚፈርሙት ሰዎች ይጨመሩ። ሙከራው ይርዘም። የሚዘጉትም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስጋታቸው ይገባኛል። እኔም የእርሻ ማሽን ነው የምነድፈው። ማሽን ሰው ሲጎዳ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ምክራቸውን ግን ወጣት መሐንዲሶች እንዳለ ከተቀበሉት፣ ዘግይቶ የሚደርስ እና አደገኛነቱ ያልቀነሰ ምርት ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ቀኖቹም፣ ወሮቹም፣ ዓመቶቹም የፈረንጅ ናቸው።

ስለ እንቁላሉ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዶሮዋ 21 ቀን ዝም ብላ አትቀመጥም። እንቁላሎቹን በየጊዜው ታገላብጣለች። ጫጩት የሚያስፈለፍሉ ሰዎችም 21ኛውን ቀን አይጠብቁም። በ7ኛው ቀን አካባቢ እንቁላሉን መብራት ላይ ይዘው ያያሉ። ውስጡ ነገር ያልያዘውን ያን ቀን ያወጡታል። የኔ ክርክር በሙሉ በዚያ በ7ኛው ቀን ላይ ነው።

«ማክስ የወደቀው ስለተቸኮለ ነው»

እሁድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ፣ የበረራ ቁጥር 302፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ 4 ወር ግድም ቀደም ብሎ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰው ሞቷል። ድምሩ 346 ነው።

ጸሐፊው ይህን ሐዘን አንስተው «ቸኩለው ነው» ይላሉ። እስቲ ቀኑን እንቁጠር። የቦይንግ ቦርድ ማክስ እንዲሠራ የወሰነው በነሐሴ 2011 ነው። መጀመሪያ የበረረው በጥር 2016። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ ያጸደቀው በመጋቢት 2017። መንገደኛ መጫን የጀመረው በግንቦት 2017። ወደ 6 ዓመት ይጠጋል። ልብ በሉ፣ ማክስ ከባዶ የተሠራ አውሮፕላን አይደለም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚበረው 737 ነው፤ አዲስ ሞተር ተገጠመለት።

አሁን ደግሞ ሌላውን የቦይንግ አውሮፕላን፣ 777ን፣ እንይ። ሥራው በጥቅምት 1990 ይፋ ሆነ። በሰኔ 1994 በረረ። በሰኔ 1995 መንገደኛ ጫነ። 5 ዓመት አልሞላውም። እሱ ደግሞ እንደ አዲስ የተነደፈ አውሮፕላን ነበር። መንገደኛ የሞተበት የመጀመሪያው የ777 አደጋ ሳንፍራንሲስኮ ላይ የደረሰው በ2013 ነው፤ ሥራ ከጀመረ ከ18 ዓመት በኋላ። የኛም አየር መንገድ ከ2010 ጀምሮ ይህንኑ አውሮፕላን ያበራል። ብዙዎቻችን ተሳፍረንበታል።

እንግዲህ ነገሩ የቀን ጉዳይ ቢሆን ኖሮ፣ መፍራት የነበረብን 777ን ነበር።

ማክስ ላይ የሆነው ሌላ ነው። አዲሶቹ ሞተሮች ትልልቅ ነበሩ። ወደፊትና ወደ ላይ ከፍ ተደርገው ተሰቀሉ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የበረራ ሁኔታ ላይ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ የማለት ጠባይ አመጣ። ያንን ለማካካስ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ገባ። ሥራው ጭራው ላይ ያለውን አግድም ክንፍ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫው ከነፋሱ ጋር የሚሠራውን አንግል የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉት። ኤምካስ የሚያዳምጠው ግን አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ከተበላሸ ሶፍትዌሩ ደህና የሚበረውን አውሮፕላን ወደ መሬት ይገፋዋል። ሁለቱም አደጋዎች ላይ የሆነው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ሲነደፍ ኤምካስ በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ የሚችለው 0.6 ዲግሪ ነበር። በ2016 የበረራ ሙከራ ላይ ዝቅተኛ ፍጥነት ሲሆን አቅም አነሰው ተባለ። ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ አለ። አራት እጥፍ ነው። የዚህ ለውጥ ሙሉ ትርጉም ለሚያጸድቁት ባለሙያዎች በአግባቡ አልደረሰም።

ጸሐፊው ቢመልሱልኝ ደስ የሚለኝ ጥያቄ እዚህ ጋር አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ ምርመራ ይፋ እንዳወጣው፣ በታኅሣሥ 2015 አንድ የቦይንግ መሐንዲስ በኢሜይል ጠይቆ ነበር። አንዱ ሴንሰር ብቻውን ቢበላሽ ኤምካስ ላይ ተጋላጭ ነን ወይ? ብሎ። ከዚያም በፊት፣ በ2012፣ አንድ የቦይንግ የሙከራ አብራሪ በሲሙሌተር (መሬት ላይ ሆኖ በረራን በሚያስመስል ማሽን) ላይ የኤምካስ ዓይነት ችግር ተሰጥቶት ነበር። ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጀበት። ውጤቱ በእውን ቢሆን ኖሮ እልቂት ነበር። የዲዛይኑ ስሌት ግን አብራሪዎች በ4 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳሉ በሚል ግምት ቀጠለ።

ማክስ መንገደኛ ከመጫኑ ወደ 5 ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። ጥያቄው በጊዜው ተጠይቋል። ሙከራውም በጊዜው ተሠርቷል። ለፕሮጀክቱ 2 ዓመት ቢጨመርለት ምን ይለወጥ ነበር? ያ ኢሜይል 2 ዓመት ተጨማሪ ይተኛ ነበር እንጂ።

ለምን ተኛ? ቦይንግ ለአየር መንገዶች ቃል ገብቶ ነበር። የድሮውን 737 የሚያበር ሰው ማክስን ለማብረር የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልገውም ብሎ። ከአሜሪካው አየር መንገድ ሳውዝዌስት ጋር የነበረው ውል፣ ሥልጠናው ካስፈለገ ቦይንግ በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀንስ ያስገድደው ነበር። ኤምካስ ትልቅ ነገር ነው ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ያንን ቃል ማፍረስ ነበር። ስለዚህ ከአብራሪዎች መመሪያ እንዲወጣ ተደረገ። ላየን ኤር እስኪወድቅ ድረስ አብራሪዎች ስሙን እንኳ አያውቁም ነበር።

ጫና አልነበረም አልልም። ነበረ። ተፎካካሪው ኤርባስ በታኅሣሥ 2010 አዲስ ሞተር የሚገጠምለትን ኤ320ኒዮ ሊሠራ መሆኑን ይፋ አደረገ። በሐምሌ 2011 የቦይንግ የቅርብ ደንበኛ የነበረው አሜሪካን ኤርላይንስ ብዙ ኤርባስ አዘዘ። በወሩ ማክስ ተወለደ። የኮንግረሱ ሪፖርትም ይህን ጫና በግልጽ ጽፎታል። ግን ጫናው ያረፈበትን ቦታ እዩ። ሰዎች መጥፎ ዜና ይዘው እንዳይመጡ አደረጋቸው። ይህ ደግሞ በዝግታ በሚሄድ ፕሮጀክት ላይም ይሆናል። እንዲያውም በደንብ ይሆናል፤ ጊዜው ሲረዝም ብዙ ቃል ይገባል፣ ብዙ ገንዘብ ይፈሳል፣ መጥፎውን ዜና መናገር እየከበደ ይሄዳል።

በኋላ ማስተካከያው ምን ሆነ? ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል። ካልተስማሙ አይሠራም። አንዴ ብቻ ይገፋል። አብራሪው ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ አይገፋም። ማክስ አሜሪካ ውስጥ 20 ወር መሬት ላይ ቆሞ ነው ይህ የሆነው። ሁለተኛው ሴንሰር እኮ መጀመሪያውኑ እዚያው አውሮፕላኑ ላይ ነበር።

«አንዱ ደረጃ ሳያልቅ ሌላው አይጀመር»

777ን እንዴት በ5 ዓመት ጨረሱት? ደረጃ በደረጃ ተሰልፈው አይደለም። ንድፍ የሚሠራው፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚገጥመው እና ዕቃ የሚያቀርበው ከመጀመሪያው አንድ ላይ ተቀመጡ። ከ200 በላይ እንዲህ ያሉ ቡድኖች ነበሩ። 8 አየር መንገዶችም ገና ንድፉ ሳይቋጭ ገብተው ሐሳብ ሰጡ። ንድፉ በሙሉ በኮምፒውተር ስለተሠራ፣ ቱቦ ከሽቦ ጋር ሲጋጭ ብረት ሳይቆረጥ ታየ። ሞተሩን አዲሱ አውሮፕላን እስኪያልቅ አልጠበቁትም። አሮጌ 747 ላይ ሰቅለው አበረሩት። በጥር 1995 ደግሞ ክንፉን ሆን ብለው እስኪሰበር አጠፉት። የሚጠበቅበት በበረራ ከሚገጥመው ከፍተኛ ጫና 150 በመቶ መቻል ነበር። በ154 ተሰበረ።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ጎን ለጎን ነው። አንዱ ሲማር ሌላው ወዲያው ይሰማል።

ደረጃ በደረጃ መሰለፍ ወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ግን ስህተቱን የሚያውቀው ሰው ብዙ ጊዜ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ይህን በየወርክሾፑ አይቼዋለሁ። ስዕሉ አልቆ፣ ተፈርሞ ብየዳ ክፍል ይደርሳል። በያጁ ያየውና «እዚህ ጋር እጅ አይገባም» ይላል። ግን ተፈርሟል። ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ጣጣ ነው። እና ዝም ብሎ በራሱ መንገድ ያስተካክለዋል። ትንሽ ይቆርጣል፣ ትንሽ ይቀጥላል። ስዕሉ ላይ የለም፣ ማንም አያውቅም። ለኔ ከፍጥነት በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነው።

የቶዮታው ፕሪየስም ጥሩ ምሳሌ ነው። ፕሮጀክቱ በ1993 ተጀመረ። ሃይብሪድ መኪና፣ ማለትም በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ፣ በብዛት ሸጦ የሚያውቅ ማንም አልነበረም። መሐንዲሶቹ ወደ 80 የሚጠጉ የሃይብሪድ አሠራሮችን አወዳደሩ። ቀስ በቀስ ወደ 4 አወረዱ። ከዚያ ነው አንዱን የያዙት። በ1995 መጨረሻ የመጀመሪያዋ የሙከራ መኪና አልንቀሳቀስ አለች። 49 ቀን ፈጀ እስክትንቀሳቀስ። ያም ሆኖ አለቆቹ የሽያጩን ቀን ከታቀደው አስቀደሙት። መኪናዋ በታኅሣሥ 1997 ገበያ ወጣች። ጸሐፊው «መጀመሪያ አንዱን ምረጥ፣ ከዚያ ጨርስ» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ምርጫውን አዘገዩ፣ ሙከራውን አስቀደሙ።

ጸሐፊው «ሪስክ» የሚለውን ቃል ለሁሉም ነገር ይጠቀሙበታል። አማርኛችን ግን ይለያል። ኪሳራ አለ፣ አደጋ አለ። ኪሳራ ኪስን ይነካል፣ አደጋ ሰውን። ይህ ልዩነት ከጽሑፋቸው ስለጠፋ ነው ሁሉም ፍጥነት አንድ የመሰላቸው።

የፋይዘርና የባዮንቴክን የኮቪድ ክትባት አስታውሱ። የቫይረሱ የዘር ቅንብር በጥር 2020 ተለቀቀ። ክትባቱ በታኅሣሥ 2020 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ከ43,000 በላይ ፈቃደኞች የተሳተፉበት ሙከራ አልተዘለለም። ከጀርባውም የብዙ ዓመት ምርምር ነበረው። ጊዜ ያተረፉት ደረጃዎቹን አደራርበው እና ውጤቱ ሳይታወቅ ማምረት ጀምረው ነው። ክትባቱ አይሠራም ቢባል ኖሮ የተመረተው በሙሉ ይደፋ ነበር። ያ ኪሳራ ነው። ኪሳራውን ደፈሩ፣ አደጋውን አልደፈሩም።

ስለዚህ አዲስ ምርት ሲታሰብ የመጀመሪያው ሥራ ዝርዝር መጻፍ ነው። የትኛው ነገር ቢሳሳት ገንዘብ ብቻ ይጠፋል? የትኛው ቢሳሳት ሰው ይጎዳል? መጀመሪያው ላይ ሩጡ። ሁለተኛው ላይ አትሩጡ፣ ግን በጊዜ ጀምሩት።

«ናሙና አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዲዛይኑ ሲያልቅ»

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር።

ከዓመታት በፊት ጤፍ መውቂያ ማሽን በሚሠራ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። የሠራነው ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት ነው። 7 ወር ስዕል ሳልን። እያንዳንዷ ብሎን ተስላለች። ሁሉም ገጽ ተፈርሟል። ከዚያ 10 ማሽን በአንዴ ተመረተ፣ ትእዛዝ ስለነበረ። ግቢ ውስጥ አስነሳነው። ከበሮው ዞረ፣ ገለባ ገባ፣ ገለባ ወጣ። ተጨበጨበ። ፎቶ ተነሳን።

ወደ ምንጃር ወሰድነው። ወቅቱ የአጨዳ ማብቂያ ነው፣ አውድማው ሞልቷል። ማሽኑ በደንብ ይሠራ ነበር። ፈጣን ነው። ሰዉ ተሰብስቦ ያያል። አንድ ሽማግሌ ግን ወደ ማሽኑ አላዩም። ወደ ኋላ ዞሩ፣ ገለባው ወደሚወጣበት። አንድ እፍኝ አነሱና በመዳፋቸው አሹት። እፍ አሉበት። መዳፋቸው ላይ ጤፍ ቀረ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ እህሌን ለከብት እየሰጠብኝ ነው» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ልክ ነበሩ። ጤፍ ስንዴ አይደለም። አንድ ሺህ ፍሬው አንድ ግራም አይሞላም። እብቁን የሚያባርር ነፋስ ፍሬውንም ያባርረዋል። ማራገቢያው ሲበረታ እህል ይጠፋል፣ ሲደክም እብቅ ይቀራል። በመሃል ያለችው ቦታ በጣም ጠባብ ናት። 7 ወር ስንስል ይህን ማንም በእጁ አልሞከረም። 10ሩም ማራገቢያ አንድ ዓይነት ነበር። 10ሩም ማሽን ተመለሰ። በግራይንደር እየቆረጥን፣ እንደገና እየበየድን 5 ወር አለፈ። ገበሬዎቹ ያን ዓመት በበሬ አበራዩ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያንን ለማወቅ ምን ያስፈልግ ነበር? የጣውላ ሳጥን። አንድ ማራገቢያ። ከእብቁ ያልተለየ አንድ ኩንታል ጤፍ። ሚዛን። የ2 ቀን ሥራ።

ቀጥሎ በሠራሁበት ቦታ አለቃችን ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ይህን ማሽን ምን ሊገድለው ይችላል?» ሁሉም ተናገረ። በያጁም፣ ቶርኖ ላይ የሚሠራውም፣ ሻጩም። ነፋሱ አንደኛ ወጣ። ስለዚህ ከነፋሱ ጀመርን። ሻሲ የለም፣ ቀለም የለም፣ ሞተር የለም። ሳጥን ብቻ። 6 ሳጥን ሠርተን 5ቱን ጣልን። የተጣሉትን ማንም አላዘነላቸውም፣ ጣውላ ናቸው። 6ኛው ሲሠራ የሻሲው ስዕል በግማሽ ደርሷል፣ ምክንያቱም እሱን የሚስሉት ልጆች ሳጥኑን በየቀኑ እየመጡ ያዩ ነበር። ማሽኑ በ4 ወር አለቀ።

ጸሐፊው «ናሙና ውድ ነው» ይላሉ። ሙሉ ማሽን የሚያክል ናሙና አዎ ውድ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ የሚመልስ ናሙና ግን ርካሽ ነው። ስፔስኤክስም ፋልከን 1ን ሲሠራ የመጀመሪያዎቹ 3 ሮኬቶች ከ2006 እስከ 2008 ከሽፈውበታል። 4ኛው በመስከረም 2008 ምሕዋር ገባ። አንዱም ሮኬት ላይ ሰው አልነበረም። ድንበሩ እዚያ ነው። ዕቃ መስበር የሚፈቀደው ከሥሩ ሰው በሌለበት ቦታ ነው።

«የሚፈርሙት ይጨመሩ»

ማክስ ፊርማ አልጎደለውም። ሁሉም ፊርማ ነበረው። አሥረኛው ፈራሚ የሚያየው የዘጠነኛውን ፊርማ ነው። «ከታች ታይቶ መጥቷል» ይላል፣ ይፈርማል። በየቢሮው የምናውቀው ነው።

የሚጠቅመው ሌላ ነው። አንድ ቁጥር ሲለወጥ፣ በዚያ ቁጥር ላይ የቆመው የደህንነት ስሌት በሙሉ እንደገና ይከፈት። 0.6 ወደ 2.5 ሲሄድ ፋይሉ ራሱ ቢጮህ ኖሮ። እና «አቁሙ» የማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ይኑር፤ ደመወዙም ሆነ ዕድገቱ ከማስረከቢያው ቀን ጋር ያልታሰረ።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት

አሉ። ሁለት ቦታ።

ቀን ለውበት ሲመረጥ። ቦይንግ 787ን ለሕዝብ ያሳየው በሐምሌ 8 ቀን 2007 ነው። አሜሪካኖች ቀኑን ሲጽፉት 7/8/07 ስለሚመጣ። የታየው አውሮፕላን ግን ውስጡ ባዶ ነበር፣ ብዙው ማያያዣም ጊዜያዊ ነው። የበረረው በታኅሣሥ 2009። ለመጀመሪያው ደንበኛ የደረሰው በመስከረም 2011፣ ከ3 ዓመት በላይ ዘግይቶ። የኛ አየር መንገድ በነሐሴ 2012 ተረከበ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ። በጥር 2013 ደግሞ በባትሪ ምክንያት ሁሉም 787 መሬት ላይ ቆመ። በሚያዝያ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በመብረር ቀድሞ የተመለሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። የዚህ ዓይነቱን የቀን አመራረጥ ጸሐፊው ሲያወግዙ ከጎናቸው ነኝ።

ሁለተኛው፣ መንስኤው ሳይታወቅ ለመፍትሔ ሲቸኮል። ሳምሰንግ ኖት 7ን ነሐሴ 19 ቀን 2016 መሸጥ ጀመረ። ስልኮቹ መቃጠል ጀመሩ። መስከረም 2 ሰበሰባቸው። ችግሩ የአንዱ አቅራቢ ባትሪ ነው ብሎ፣ የሌላ አቅራቢ ባትሪ ያለውን ተክቶ ሰጠ። ወር በቅጡ ሳይሞላ የተተኩትም ተቃጠሉ። በጥቅምት ምርቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው 700 የሚሆኑ ባለሙያዎች 200,000 ስልክና 30,000 ባትሪ የፈተሹት። ሁለቱ ባትሪዎች ሁለት የተለያየ ጉድለት ነበራቸው። የመጀመሪያው እሳት ሲነሳ ሰው የሚይዘው ስሜት ይገባኛል። ደንበኛ ይጮኻል፣ አለቃ ይጮኻል። ግን ስልኩ ከሰው እጅ ከተሰበሰበ አደጋው ቆሟል። የቀረው ኪሳራ ነው፣ እሱ ደግሞ መጠበቅ ይችላል።

«ሙከራው ይርዘም»

የመጨረሻ ነጥባቸው ይህ ነው። በመርህ ደረጃ ማን ይቃወማል? ግን ርዝመቱ ብቻውን አያድንም። ይህን ያስተማረን የእንግሊዙ ኮሜት ነው፣ የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት።

ኮሜት በግንቦት 1952 ሥራ ጀመረ። በ1954 በጥርና በሚያዝያ ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተበታተኑ። የመጀመሪያው 1,290 ጊዜ፣ ሁለተኛው 900 ጊዜ ያህል በርሮ ነበር። በየበረራው ቀፎው፣ ማለትም መንገደኛ የሚቀመጥበት የአውሮፕላኑ አካል፣ በአየር ይነፋል፣ ይተነፍሳል፤ ብረቱ በዚያ ደከመ። አምራቹ ይህን አልሞከረም እንዳይባል፣ ሞክሯል። የቀፎውን ቁራጭ ከ16,000 ጊዜ በላይ ነፍቶታል። ችሏል። ታዲያ ምን ሆነ?

ያ ቁራጭ ለድካም ከመሞከሩ በፊት ለሌላ ሙከራ ውሎ ነበር። ከመደበኛው ግፊት ሁለት እጥፍ ተነፍቷል። ያ ከባድ ግፊት የመስኮቶቹ ማዕዘኖች ላይ ብረቱን ወጥሮ፣ ሲለቀው ስንጥቅ እንዳይስፋፋ የሚያግዝ ሁኔታ ውስጥ አስቀመጠው። ስለዚህ የተሞከረው ቁራጭ መንገደኛ ከሚጭነው አውሮፕላን የተሻለ ሆኖ ነበር። እውነቱ የወጣው ሥራ ላይ የነበረ ሙሉ አውሮፕላን እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ ላይ ውኃ ገንዳ ውስጥ ተደርጎ ሲነፋ ነው። የበረረውም ተቆጥሮ 3,000 ጊዜ ገደማ ሲነፋ ተቀደደ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ስለ ግቢያችን ናሙና ነው ያሰብኩት። ናሙናውን ማን ይበይደዋል? ዋናው በያጅ። በጥንቃቄ፣ በጥሩ ኤሌክትሮድ። ያን ፈትነን እንፈርማለን። ለገበሬው የሚሄደውን ግን ሌሎች ናቸው የሚበይዱት፣ አንዳንዴም በምሽት ፈረቃ።

መውቂያ ማሽን ላይ ሰው የሚጎዳው ማጉረሻው ላይ ነው። አፉ አጭር ከሆነ ነዶ የሚያጎርስ እጅ ከበሮው ጋር ይደርሳል። እጅጌ ይያዛል፣ ክንድ ይከተላል። እዚያ ሰሌዳ ላይ ከነፋሱ አጠገብ የተጻፈው ሁለተኛው ነገር ይኸው ነበር። ነፋሱ ላይ ሮጥን። እዚህ ግን አልሮጥንም። የማጉረሻውን አፍ ሦስት ጊዜ አስረዘምነው። አንዱን ጊዜ ያስረዘምነው አንዲት እናት ቁመታቸው አጭር ስለነበር ተንጠልጥለው ሲያጎርሱ ስላየን ነው።

ለመጨረሻው ፈተና ዋናው በያጅ የሠራውን ማሽን አልወሰድንም። ከገባ ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ የበየደውን ወሰድን። እንጨት በአሮጌ ኮት እጅጌ ጠቀለልን። ከበሮው በሙሉ ፍጥነት እየዞረ፣ ትልቅ ሰው ክንዱን እስከ ትከሻው ቢያስገባ የሚደርስበትን ያህል አስገባነው። አልነካም። ልጁን ጠርተን እንዲያይ አደረግነው። ከዚያ ነው ማሽኑ መኪና ላይ የተጫነው።